ጥርስ፣ ሲዋክ እና ጾም

በረመዷን ጥርሱን የሚያመው ተማሪ ብዙ ጊዜ «ጾሜ ይበላሻል» በሚል ስጋት ሕክምናውን ለዒድ ያቆያል። ጉዳዩን ከሁለት አቅጣጫ እንየው።

አንደኛ፣ ከጤና አንጻር። በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ እየለወጡ የጥርስን ሽፋን ይበላሉ። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ በመሙላት ይድናል። ነርቭ ጋር ከደረሰ የሥር ሕክምና ይፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈ ማስነቀል ይመጣል። በጥርስ ላይ የጠነከረ ቆሻሻ ደግሞ በብሩሽም በመፋቂያም ስለማይለቅ ክሊኒክ ሄዶ ማሳጠብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ከሸሪዓ አንጻር። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ጥርስን መሰርሰር፣ መንቀል፣ ማጽዳት፣ ሲዋክና ብሩሽ ጾም እንደማያበላሹ ወስኗል። ቅድመ ሁኔታው ወደ ጉሮሮ የሚሄደውን ከመዋጥ መጠንቀቅ ነው። የማይመግብ የሕክምና መርፌም እንዲሁ ጾም አያበላሽም፤ ማደንዘዣ የሚሰጠንም በዚህ መልኩ ነው። መዘግየቱ የማይጎዳ ሕክምናን ግን ከኢፍጣር በኋላ ማድረጉ ይመከራል።

ስለዚህ፦
• ከሱሑር በኋላና ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እንቦርሽ።
• ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው ያበረታቱትን ሲዋክ በየሶላቱ እንያዝ።
• ፊት ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን እንታከም።

አካላችን አማና ነው። ወላሁ አዕለም።