በምን ተጨመቀ? የእንዶድ ፍሬ ለጤና ዘጋቢ የሚያስተምረው

ስለ መድኃኒት ዕፅዋት በጋዜጣና በሬዲዮ የሚቀርቡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። «የእገሌ ተክል ጭማቂ ባክቴሪያ ገደለ» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። የትኛው የተክሉ ክፍል ነው? ደረቁ ነው እርጥቡ? በውሃ ነው ወይስ በአልኮል የተጨመቀው? የተሞከረውስ በላቦራቶሪ ሰሃን ላይ ነው፣ በአይጥ ነው፣ በሰው? እነዚህ ጥያቄዎች ለኬሚስት ብቻ የሚተዉ ሊመስሉን ይችላሉ። በእኔ እምነት ግን የዜናው ዋና ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እንዶድ አለልን።

እንዶድን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ አረፋው ሲወጣ ነጠላና ጋቢ ይታጠብበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ነገሩ ትልቅ ነበር። ምክንያቱም የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በአንዳንድ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ገብቶ መራባት አለበት። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ እንዶድ በዚህ ሥራው በሽተኛውን አያክምም፣ የበሽታውን መንገድ ነው የሚዘጋው። «እንዶድ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ገና ከርዕሱ ስቷል።

ገዳዩ ነገር ሳፖኒን የሚባል የውህዶች ቤተሰብ ነው። ስሙ ራሱ ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። የእንዶድ ሳፖኒን በአንድ በኩል ቅባት የሚወድ አካል አለው፤ ይህ ኦሊያኖሊክ አሲድ ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ ውሃ የሚወድ የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበታል። እንግዲህ ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በአንዱ እጁ ቅባቱን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል። የሕያው ሴል ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ስለሆነ ሳፖኒኑ ከሽፋኑ ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ይበሳዋል። ከልብስ ላይ እድፉን የሚያነሳው ባሕርይና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ባሕርይ ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከፍሬው ተነጥለው ከወጡት ውህዶች አንዱ በዶክተር አክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተብሏል።

አሁን ወደ አስገራሚው ክፍል እንምጣ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ የኬሚስትሪ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ደረቁ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ስኳር የተያያዘበት በአንድ ሳይሆን በሁለት በኩል ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣ ላይ ያለው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲያገኝ ግን እዚያው ፍሬው ውስጥ የነበረ ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፤ የአንዱን በኩል ስኳር ቆርጦ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ነው ሳፖኒኑ ገዳይ የሚሆነው። ያው ፍሬ ኬሚስቶች በሚወዱት በሜታኖል ከተጨመቀ ኢንዛይሙ አይሠራም፤ ስለዚህ የሚገኘው ጭማቂ ደካማ ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ተመራማሪ በሜታኖል ብቻ ጨምቆ ቢሞክር «እንዶድ ቀንድ አውጣ አይገድልም» ብሎ ሊጽፍ ነበር እኮ! ወቅጦ በውሃ የመዘፍዘፉ የእናቶቻችን ዘዴ፣ የኢንዛይሙን ስም ሳይጠራ፣ ትክክለኛው የላቦራቶሪ አሠራር ሆኖ ተገኘ።

ሁልጊዜ ግን ውሃ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ቻይና ውስጥ ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ በአርቴሚሲያ ተክል ላይ ሲሠሩ የገጠማቸው ተቃራኒው ነው። ተክሉ በሙቅ ሲወጣ ውጤቱ ይዋዥቅ ነበር። አንድ ጥንታዊ የቻይና የሕክምና ጽሑፍ ተክሉን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን ስለሚያዝ፣ ሙቀቱ ሊሆን ይችላል ብለው በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር ጨመቁት። በ1971 የተገኘው ጭማቂ በአይጥ ላይ የነበረውን ወባ ሙሉ በሙሉ አጠፋ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። እኛ አገር ኮአርተም እያልን የምንውጠው ኪኒን ከዚሁ ግኝት የመጣ ነው። አንዱ ተክል ውሃ ይፈልጋል፣ አንዱ ኤተር። የተክሉን ስም ብቻ ይዞ ዜና መሥራት እንግዲህ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ይታያል።

«ገደለ» የሚለው ቃልም ጣጣ አለው። ሳፖኒን የሴል ሽፋን የሚበሳ ከሆነ የቀንድ አውጣውን መርጦ አይበሳም፤ ዓሣንም ይገድላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቀይ የደም ሴልንም ያፈነዳል። ሆኖም በየአካባቢው እንዶድን ለኮሶ ትል፣ ለውሻ በሽታ፣ ጽንስ ለማስወረድም የሚጠጡ አሉ፤ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። በሌላ በኩል ውሃ ውስጥ ቶሎ መበስበሱ ጥቅሙ ነው። ዓድዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር። ያም ሆኖ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ጥናት ስለተጠየቀ ሥራው ብዙ ዓመት ፈጀ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ኃይለኛውን ዝርያ፣ ዓይነት 44 የሚባለውን፣ በማልማት ደክመዋል፤ ሁለቱም ተመራማሪዎች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ስለ ኮሶ ደግሞ አጭር ነገር ልጨምር። በኮሶ አበባ ውስጥ ያሉት እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ውህዶች ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም። ስለዚህ ዱቄቱ አብሮ ካልተጠጣ ዋናው ነገር ወንፊት ላይ ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍ ኮሶን ሲመዘግብ ሳይጠለል እንዲጠጣ ያዘዘው ለዚህ ይመስለኛል። ችግሩ መጠኑ ነው። ዛፍ ከዛፍ፣ አበባ ከአበባ ኃይሉ ይለያያል፤ ሲበዛ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት የደረሰበት ጊዜ አለ። በኋላ የኮሶን ቦታ ከያዙት ኪኒኖች አንዱ ኒክሎሳማይድ ነው፤ እሱ ግን በሚሊግራም ተመዝኖ ነው የሚሰጠው። ለዓመታት የእንዶድ ተፎካካሪ የነበረው፣ ቀንድ አውጣ ለመግደል ወንዝ ላይ የሚረጨው ባይሉሳይድ የተሠራውም ከዚሁ ከኒክሎሳማይድ ነው።