ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የቪትዜ ኤሲ ንፋሱ ደካማ ነው። መካኒኩ «ጋዝ ይሞላ» ይለኛል። ላስሞላ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ጋዙ አየሩን ያቀዘቅዛል እንጂ አይገፋውም፤ የሚገፋው ፋኑ ነው። ኤሲውን አጥፍተው ፋኑን መጨረሻው ላይ ያድርጉት። ድምፁ እየጮኸ ንፋሱ ያው ደካማ ከሆነ መተላለፊያው ታፍኗል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋተኛው የካቢን ፊልትሮው ነው። ጋቢና ከሚቀመጠው ሰው ጉልበት ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ አውልቀው ፊልትሮውን ይሳቡት፤ በእጥፋቶቹ መሀል አቧራና የቅጠል ብጥስጣሽ ተጠቅጥቆ ካገኙት ይቀይሩት። በኮምፕሬሰር ማስነፋቱን አልመክርም፤ ወረቀቱን ይቀደዋል።

«ደሴ ላይ እኮ ደህና ነበር» ይሉ ይሆናል። 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለች ብርዳም ከተማ ኤሲ ማን ይከፍታል? ጉድለቱ የሚታወቀው ሐረጎን ወርደው ሙቀቱ ሲጀምር ነው። መካኒኩንም ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም፤ ንፋሱ ሲነሳ ብርቱ ሆኖ እየቆየ ከደከመ፣ ኤሲውን ጥቂት አጥፍተው ሲከፍቱት ደግሞ ከተመለሰ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየያዘ ነው፤ ለዚህ የጋዝ ማነስ አንዱ ምክንያት ነው። ያኔም ቢሆን በጌጅ ተለክቶ፣ የሚያፈስበት ቦታ ተፈልጎ እንጂ ዝም ተብሎ አይሞላም። ፋኑ መጨረሻው ቁጥር ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሬዚስተሩን ያስፈትሹ።