ምጣዱ ለምን አልጋለም?
ስለ ሬዚስታንስና ሬዚስቲቪቲ

ሰኔ ላይ ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ በሄድኩበት ወቅት እማዬ እንጀራው ዓይን አላወጣ እያለ አስቸግሯት ነበር፡፡ ምጣዱ እንደ ድሮው አይግልም፡፡ «መብራቱ አቅም አንሶት ነው» አለችኝ፡፡ እኔም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና «የኃይል እጥረት ነዋሪውን አማረረ» የሚል ዜና በልቤ መጻፍ ጀመርኩ፡፡ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ሲመጣ ግን መጀመሪያ የዳሰሰው ምጣዱን ሳይሆን ከጎረቤት ቆጣሪ እስከ ማድ ቤታችን የተዘረጋውን ቀጭን ገመድ ነው፡፡ ገመዱ ይፋጃል፡፡ «ሙቀቱ እዚህ ቀርቷል» አለን፡፡

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል፡፡ እኛ አገር «ሬዚስታንስ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያውቀው በገበያ የሚሸጠውን የምጣድ ጥቅልል ሽቦ ነው፡፡ በፊዚክስ ግን ሬዚስታንስ ማለት አንድ ዕቃ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን ሲሆን የሚለካውም በኦም ነው፡፡ ሬዚስቲቪቲ ደግሞ የዕቃው ሳይሆን ዕቃው የተሠራበት ቁስ ጠባይ ነው፡፡ ሽቦ ቢረዝምም ቢያጥርም መዳብ ያው መዳብ ነው፤ ሬዚስቲቪቲው አይለወጥም፡፡ ሬዚስታንሱ ግን ሽቦው ሲረዝም ይጨምራል፤ ሲወፍር ይቀንሳል፡፡

1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.017 ኦም ገደማ አለው፡፡ በዚያው ልክ የተቆረጠ አሉሚኒየም 0.028፣ ለምጣድ የሚሆነው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ (ናይክሮም) ደግሞ 1.1 ኦም አካባቢ ነው፡፡ ናይክሮም ከመዳብ ከ60 እጥፍ በላይ ስለሚገታ ነው እንጀራ የሚጋግረው፡፡

አሁን የኛን ቤት እናስላ፡፡ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 13.8 ኦም ያህል ነው፡፡ ገመዱ ባለ 0.75 ሲሆን ርቀቱ 25 ሜትር ነው፤ ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ 50 ሜትር ይሆናል፡፡ 0.017 በ50 ተባዝቶ ለ0.75 ሲካፈል 1.13 ኦም ይመጣል፡፡ ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ወደ 15 አምፒር በሚጠጋ ኮረንቲ ገመዱ ላይ 17 ቮልት ገደማ ይጠፋል፡፡ ምጣዱ የሚያገኘው 3000 ዋት አካባቢ ብቻ ሲሆን 240 ዋት ያህሉ ገመዱን ያሞቃል፡፡ ይህ ባለ 60 ዋት አራት አምፑል ገመዱ ውስጥ እንደማብራት ነው፡፡ ፕላስቲኩ ቀልጦ እሳት ቢነሳስ?

የይፋት ቆላ ሙቀትም የራሱን ይጨምራል፡፡ ከላይ ቁሱ አይለወጥም ያልኩት ሙቀቱ አንድ ሲሆን ነው፡፡ መዳብ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚስቲቪቲው 8 በመቶ ያህል ያድጋል፡፡

ኤሌክትሪሺያኑ ገመዱን በባለ 2.5 ቀየረልን፡፡ የገመዱ ሬዚስታንስ ወደ 0.34 ኦም ወረደ፤ ምጣዱም ከ3300 ዋት በላይ አገኘ፡፡ ቁሱ ያው መዳብ ነው፤ የተለወጠው ውፍረቱ ብቻ ነው፡፡ እንጀራውም ዓይን አወጣ፡፡

እኔ ግን ያንን ዜና ብጽፈው ኖሮ ጥፋተኛ ያልሆነውን ከስሼ፣ የሚያቃጥለውን ገመድ እዚያው እተወው ነበር፡፡ «መብራት አነሰ» የሚል ሰው ስታገኙ ከመጻፋችሁ በፊት ገመዱን ጠይቁ፦ ከምንድን ነው የተሠራው? ስንት ሜትር ነው? ውፍረቱስ?