የሟች ልብስና ድሪቶ

ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት ወርቅ አልነበረም፤ በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ልብስ የሰውን ትዝታ ይዞ ይቀራል።

በቅርብ ዘመንም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በአሜሪካ፥ በአላባማ ግዛት፥ ጂዝ ቤንድ በምትባል የጥቁሮች የገጠር መንደር ትኖር የነበረች ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት ባሏ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ድሪቶ ሰፋች። እኛ ዘንድ ድሪቶ የድህነት ስም ነው። እርስዋ ግን ባሏን ልታስታውስበትና ልትሞቀው ሰፋችው። የወየበው ቀለም ሳይቀር ይታይበታል። ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ልብሱ ታጥቦ በእኩል አራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ከተገጣጠመ በኋላ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አብሮ ይሰፋል። ካናቴራ ግን ስለሚለጠጥ አስቀድሞ ከጀርባው ስስ ገበር በካውያ ሊጣበቅበት ይገባል፤ አለዚያ ስፌቱ ይሸበሸባል።

ነገር ግን በሀገራችን የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል። ይህ ልማድ መቅረት የለበትም። የታረዘ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ሳለ ገና የሚለበሰውን ኮት ለትዝታ ብሎ በመቀስ መቁረጥ ተገቢ አይመስለኝም። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ስላለው ሰው ያስተማረውን እናውቃለን (ሉቃ. 3፥11)። እንግዲህ ደህናው ይሰጥ፤ ክርኑ የተበላው፥ አንገትጌው ያለቀው ይቆረጥ። ከደህናው ሸሚዝም ቢሆን የደረት ኪሱን ብቻ ፈትቶ ማስቀረት ይቻላል፤ ሸሚዙ ያለ ኪስም ይለበሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።