የዚያኛው ሰው ድምፅ የት ሄደ?

«ቪዲዮው አለ፣ ድምፁ የለም፤ እንዴት ላውጣው?» ከሲልቨር ስፕሪንግም ከፍራንክፈርትም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄው ነው። መልሱን እዚህ ልጻፈውና ልገላገል፦ አይወጣም። ያልተቀዳ ድምፅ የሚያወጣ ባለሙያ የለም፤ አወጣለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለም ሽሹት።

የሚጠይቁኝ በብዛት አዲስ አበባ ካለው ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ሥራ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በልብስ ስፌት ታውቋል፤ ልብስ ለማሠራት፣ ለመቀጠር ወይም ሠራተኛ ለማሠልጠን የሚያስብ ዲያስፖራ መጀመሪያ የሚገናኘው በኮምፒውተር ስብሰባ ነው። ወረቀቱ አያስቸግርም። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) አዘጋጁ፤ ስለ ፈቃድና ስለ ጉምሩክ የአንድ መስኮት አገልግሎቱን ጠይቁ፤ በአካል ስትሄዱ ለጎሮ መንገድ ትርፍ ሰዓት ያዙ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ሲሏችሁ ዋሽንግተን ላይ፣ በአሜሪካ በጋ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በእንቅልፍ ልብ የሰማችሁትን ነገ ለማዳመጥ ብላችሁ ስክሪኑን ትቀዳላችሁ፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ላፕቶፑ የሚያስተናግደው ሁለት ድምፅ ነው፦ እናንተ በማይክ የምትናገሩትና ከዚያኛው ወገን መጥቶ በስፒከር የሚወጣው። መቅጃው ሁለቱንም የሚይዝ ይመስላችኋል። ማክ ላይ ሺፍት፣ ኮማንድና 5 ተጭናችሁ የምትከፍቱት መቅጃ ለዓመታት ማይኩን ብቻ ሲወስድ ኖሯል፤ ኢርፎን ካደረጋችሁ የፋብሪካው ሰው ቃል ከጆሯችሁ አልፎ የትም አይደርስም።

አንድ ወዳጄ ሸሚዝ ሊያሠራ በዘመድ በኩል ከተገኘ ደላላ ጋር ተስማማ፤ ዋጋው፣ የናሙናው ቀን፣ ዚፑን ማን እንደሚገዛ፣ ሁሉም በቃል። ቀብዱን ላከ። ጠብ ሲመጣ ቪዲዮውን ከፈተ፦ «እሺ… እሺ… ስንት አልክ?… ይሁን።» ከራሱ ድምፅ በቀር ምንም የለም። በጽሑፍ ያልጠየቀው ዘመዱን ያላመነ እንዳይመስል ነው። መቅጃው እንዴት እንደሚሠራ ያልጠየቀው ደግሞ «ውጭ ኖሮ ይሄን አያውቅም?» እንዳይባል። ቀብዱ የቤት ኪራዩ ነበር፤ እናቱም «ልጄ ፋብሪካ ሊከፍት ነው» ብለው ሰፈሩን አዳርሰዋል። ኩራት እንዲህ ነው የሚያስከፍለው፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ።

አሁን አድርጉ የምላችሁን ስሙ። ኦቢኤስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ከታች «ዴስክቶፕ ኦዲዮ» እና «ማይክ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ታያላችሁ (ማክ ላይ የኮምፒውተሩን ድምፅ ራሳችሁ መጨመር ሊያስፈልጋችሁ ይችላል)፤ ሌላው ሰው ሲናገር የመጀመሪያው፣ እናንተ ስትናገሩ ሁለተኛው መንቀሳቀስ አለበት። አንዱ ፀጥ ካለ ስብሰባውን አትጀምሩ። ከዋናው ቀን በፊት እህታችሁን ደውሉላትና አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ ከዚያ ከፍታችሁ አዳምጡ፤ መስመሩ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ አትመኑ። ሙከራው በዚያው በምትጠቀሙበት ኢርፎን ይሁን፤ መሀል ላይ ወደ ብሉቱዝ ብትቀይሩ ድምፁ መቅጃው ወደማያየው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ያለው የጌም ባር መቅጃም የከፈታችሁትን አንድ ፕሮግራም እንጂ ዴስክቶፑን አይቀዳም።

የምትቀዱት አዲስ አበባ ሆናችሁ ከሆነ ፋይሉን ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። በተለመደው ኤምፒ4 እየቀዳችሁ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ አልከፈትም ይላል፤ ኤምኬቪው ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል። ወደ ኤምፒ4 በኋላ ኦቢኤሱ ራሱ ይቀይርላችኋል። በሰከንድ 2,500 ኪሎቢት ብትቀዱ ለአንድ ሰዓት ከ1 ጊጋባይት ትንሽ በላይ ይፈጃልና ቦታ መኖሩን እዩ።

ሳትነግሩ አትቅዱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግር ለመቅዳት ተነጋጋሪዎቹ ሁሉ መፍቀድ አለባቸው፤ ሕግ ነው። ፋብሪካውም ስክሪኑ ላይ የደንበኛውን ዲዛይን ከፍቶ ሊሆን ይችላል። «ልቅዳ?» በሉ፣ መልሱም እዚያው ይቀዳ። ዙም ከሆነ አስተናጋጁ የቀጂነት ፈቃድ ቢሰጣችሁ ሁለቱም ድምፅ ያለ ጣጣ ይገባል።

በስልክ ቴሌግራም እያወራችሁ ስክሪን ሪከርድ የምትሉትም አቁሙ፤ የጥሪው ድምፅ ብዙውን ጊዜ አይገባም። ስብሰባው እንዳለቀ ዋጋውን፣ ቀኑንና ቀብዱን ጽፋችሁ ኢሜይል ላኩ፤ «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ሳይመጣ ገንዘብ አትላኩ፤ ዘመድ ቢቆጣም ይቆጣ።