የፕሮጀክት ሥራ አመራር የሙያ ምስክር ወረቀቶች ምርጫ፦ ልምድን ወይስ ዘዴን ማስመስከር?

በፕሮጀክት ሥራ አመራር የሁለተኛ ዲግሪ የሚከታተሉ ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ «ፒኤምፒ ይሻላል ወይስ ፕሪንስ2?» የሚል ነው። አጠያየቁ ሁለቱ ወረቀቶች አንድን ችሎታ በተለያየ ደረጃ የሚመዝኑ ያስመስላል። የመግቢያ መስፈርታቸውና የፈተናቸው ይዘት ሲመረመር ግን የሚመሰክሩት ጉዳይ ራሱ የተለያየ ነው።

ፒኤምፒ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ከ1984 ጀምሮ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ነው። በ2021 ሥራ ላይ በዋለው የፈተና ዝርዝር መሠረት ተፈታኙ 180 ጥያቄዎችን በ230 ደቂቃ ይመልሳል፤ ከይዘቱም 42 በመቶው ሰዎችን መምራት የሚመለከት ነው። ብዙዎችን የሚያግደው ግን ፈተናው ሳይሆን ቅድመ ሁኔታው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አመልካች ፕሮጀክት በመምራት ቢያንስ የ36 ወራት ልምድ ሊኖረው ይገባል። እዚህ ላይ «መምራት» የሚለው ቃል ክብደት አለው። በግንባታ ሥራ ላይ የክፍያ ሰርተፍኬት ሲያዘጋጅ የኖረ የቢሮ መሐንዲስ፣ ዓመታቱ ቢበዙም፣ በዚያ ብቻ ፕሮጀክት መርቷል አይባልም። በአንድ ጊዜ የተመሩ ሦስት ፕሮጀክቶችም ወራቸው አይደመርም፤ የተደራረበው ጊዜ አንዴ ብቻ ይቆጠራል። በአንጻሩ የሚጠየቀው የ35 ሰዓት ትምህርት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ችግር አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ የተወሰደ የፕሮጀክት ሥራ አመራር ኮርስ ይያዝለታልና። ይህን ሳያውቁ ለማሠልጠኛ ተቋም ዳግመኛ መክፈል ከንቱ ወጪ ነው።

ፕሪንስ2 የተነሣው ከሌላ ችግር ነው። የብሪታንያ መንግሥት በ1989 ለኮምፒውተር ሥርዓት ፕሮጀክቶቹ ያወጣው ዘዴ፣ በ1996 ለማናቸውም ፕሮጀክት እንዲሆን ተሻሽሎ የዛሬውን ስሙን ያዘ። የመጀመሪያው ደረጃ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ 60 ጥያቄዎች በ60 ደቂቃ ይመለሱበታል። የሚመዝነውም የዘዴውን ዕውቀት ነው፤ ማን ይወስናል፣ ፕሮጀክቱ በየምዕራፉ ሲገመገም ለመቀጠሉ በቂ ምክንያት አለ ወይ የሚለውን። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ የሚገኘው የፕሮጀክት ቦርድ፣ ኃላፊውን፣ ተጠቃሚውንና አቅራቢውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጠው አደረጃጀት፣ ከዚሁ ዘዴ ጋር የተዛመደ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ድርጅት ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ፕሪንስ2 የየዕለት ሥራውን ቋንቋ ያስተምረዋል። አሠሪው ዘዴውን ካልተከተለ ግን ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ልምድ የሌለው ተመራቂ የኢንስቲትዩቱን መንገድ ከመረጠ፣ 23 ሰዓት ትምህርት ብቻ የሚጠይቀው ሲኤፒኤም አለለት። ወጪው ግን ለሁሉም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ፈተናውም በአማርኛ አይሰጥም። ፒኤምፒን ለማደስም በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ማሟላት ግድ ነው።

ወደፊት ፒኤምፒን የሚያስብ ሰው የመራውን ፕሮጀክት ስም፣ የነበረውን ኃላፊነት፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ወር ከወዲሁ መመዝገብ ይኖርበታል። ማመልከቻው ለማጣራት ከተመረጠ የቀድሞ አለቃ ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ ያን ሰው ፈልጎ ማስፈረም ቀላል አይሆንም።