ደረትዎ የሚጨነቀው በየትኛው ቀን ነው?



ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «መቼ ጀመረዎት?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ ይህ ጥያቄ እንዳይረሳ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ መክሮ ነበር። ጥያቄውን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉት አንዱ እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሺሊንግ (1911–1997) ናቸው።

ሺሊንግ በ1950ዎቹ በላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምረዋል። ሠራተኛው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ ደረቱ ይጨነቃል፤ ማክሰኞ ይቀለዋል። ሥራው ሲቀጥል ግን ሕመሙ በየቀኑ ይሆናል፤ በመጨረሻም ሳንባ ላይመለስ ይጎዳል። ይህ በሽታ ቢሲኖሲስ ይባላል። ሺሊንግ የበሽታውን ደረጃ የለዩት በዚሁ በቀኖቹ ነው።

ጉዳዩ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ በ595 ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ ጥጥ ተፈታትቶ በሚነፋበት ክፍል ከመቶ 43.2፣ በሚበጠርበት ክፍል ደግሞ ከመቶ 37.5 የሚሆኑት ሠራተኞች ቢሲኖሲስ እንዳለባቸው አሳይቷል። አቧራው በበዛበት ክፍል ሕመሙም በዝቷል።

በብልባላ የጥጥ ፋብሪካ ባይኖርም አቧራ አለ። እናቶች ጥጥ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፤ ገበሬው ገብስና ስንዴ ይወቃል፤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ይተነፍሳል። የቤት ፈትል አቧራ ከፋብሪካው እጅግ ያነሰ ነው። የዱቄት ብናኝ ግን ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ አስም ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው አስም በሥራ ቀናት ብሶ በዕረፍት ቀናት ቀለል ይላል።

ስለዚህ እነዚህን ሦስት ነገሮች ይመልከቱ፦
1. ደረትዎ የሚጨነቀው ወይም ሲር ሲር የሚለው በሥራ ላይ ወይም በዚያው ምሽት ነውን?
2. በዕረፍት ቀን ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሲርቁ ይቀልዎታልን?
3. ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ይብስብዎታልን? ጁምዓ ለሚያርፍ ሰው የሺሊንግ «ሰኞ» ቅዳሜ ነው።

መልስዎ «አዎን» ከሆነ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ቀኑን፣ ሥራውንና ሕመሙን በወረቀት ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ካሉ ልጆች ይጻፉላቸው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ወረቀቱ እስኪሞላ አይጠብቁ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል።

በመድኃኒት ቤት ብዙ ጊዜ የምናየው ችግር አለ። ሰው ሳልቡታሞል ነፍቶ ሲቀለው ወዲያው ወደ አቧራው ይመለሳል። ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር መንገድ ለሰዓታት ይከፍታል እንጂ ቁጣውን አያጠፋም። በየጊዜው መንፋት ካስፈለገዎት ሕመሙ እየባሰ ነውና ሌላ ሕክምና ይሻል።

በቤትና በሥራ ቦታ፦ ወፍጮ ቤቱን በርና መስኮቱን ከፍተው ያሠሩ፤ ወለሉን ደረቁን አይጥረጉ፣ ውኃ ይርጩበት። በአውድማ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ። አፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ደቃቁን ብናኝ አያግድምና በእርሱ ብቻ አይተማመኑ።

ሐኪሙ ሥራዎን ባይጠይቅዎት እንኳ እርስዎ ይንገሩት። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።